ባለ እጀታዋ ሲንጀር፦ በአሮጌ ተንቀሳቃሽ የስፌት መኪና ኩዊልት ለመጀመር

«ድሪቶ ነው እንዴ የምትሰፊው?» አለችኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የዘረጋሁትን አይታ። ሳቅኩ እንጂ አልተቀየምኩም። አልተሳሳተችማ! ኩዊልት ባጭሩ ታስቦበት የተሰፋ ድሪቶ ነው። ከላይ በልክ ተቆርጠው የተገጣጠሙ ቁርጥራጭ ጨርቆች አሉ። መሃል ላይ ስስ የጥጥ ንጣፍ ይገባል። ከታች አንድ ወጥ ጨርቅ ይነጠፋል። ከዚያ ሦስቱም አንድ ላይ ይሰፋሉ።

የዕለት ሥራዬ ሒሳብ ነው። ስፌት የጀመርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ አንዲት ጥቁር ሲንጀር 221 እጄ ስትገባ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ብዙ ጨርቅ አብረን አበላሽተናል፤ ተኮራርፈን ያደርንበትም ምሽት አለ። ቆይቶ የገባኝ ግን ይኼ ነው፦ ስፌቱ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም። የመርፌው፣ የክሩ፣ የብናኙ ወይም የእኔ ነው።

የትኛዋን?

የኩዊልት ቁርጥራጮችን ለመገጣጠም የሚያስፈልገው አንድ ዓይነት ስፌት ብቻ ነው። ቀጥ ያለ። ዚግዛግ የለ፣ የአበባ ጥልፍ የለ። የድሮዎቹ ትንንሽ ሲንጀሮች ደግሞ ከቀጥታ ስፌት ሌላ ምንም አያውቁም። የሚያውቁትን አንዱን ግን አሳምረው ነው የሚያውቁት። ውስጣቸው ብረት ነው፤ ሲላላ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ዘይት ይጠጣል። ካቻቢቴ መያዝ የማይፈራ ሰው አብዛኛውን ጥገና ራሱ ይወጣዋል።

ስሟ የገነነው 221 ናት። «ፌዘርዌይት» ይሏታል፣ እንደ ላባ የምትቀል ለማለት። እ.ኤ.አ. በ1933 ቺካጎ ላይ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየች፤ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስም ተመረተች። ገላዋ አልሙኒየም ስለሆነ ክብደቷ 5 ኪሎ ገደማ ነው። በግራ በኩል ያለው ጠረጴዛዋ በማጠፊያ ወደ ላይ ይታጠፍና ሳጥኗ ውስጥ ቁጭ ትላለች። 222 የምትባል እህት አለቻት፤ የእሷ ጥርሶች፣ ማለትም ጨርቁን ከሥር የሚገፉት፣ ዝቅ ይላሉ። እሷን ፍለጋ ግን አትድከሙ፤ ሰብሳቢዎች ስለሚሻሟት ለጀማሪ ኪስ አትሆንም።

እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የወጣችው 301 ለእኔ ሳትወደስ የቀረች መኪና ናት። እሷም አልሙኒየም ናት፤ ነገር ግን ቁመቷ ሙሉ ነው። እጀታው ጀርባዋ ላይ ተገጥሟል። ቺንጋ የላትም፣ በማርሽ ነው የምትዞረው። ከመርፌው በስተቀኝ ያለው ቦታ ስለሚሰፋ ትልቅ ኩዊልት ለማስገባት ከ221 በጣም ትሻላለች። ቦቢኗ፣ ማለትም የታችኛው ክር የሚጠመጠምባት ትንሿ ማጠንጠኛ፣ ከ221 ጋር አንድ ነው፤ ጨርቅ የሚጫኑት እግሮቿ ግን አይለዋወጡም። መርፌዋ ዘንበል ብሎ ስለሚወርድ ለእሷ የተሠራ እግር ያስፈልጋታል።

99 ደግሞ አለች። የትልቋ 66 ሦስት አራተኛ ሆና የተሠራች ናት። እሷም ባለ እጀታ ሳጥን አላት፣ «ተንቀሳቃሽ» ተብላም ትሸጣለች። አትሸወዱ! በዚያ ዘመን ተንቀሳቃሽ ማለት እጀታ አለው ማለት እንጂ ክንድ አይገነጥልም ማለት አልነበረም። ብዙዎቹ 99ዎች ብረት ናቸው። መኪናዋን ከቤት የማታወጧት ከሆነ ግን የእኔ ምክር እሷ ናት። 221 ስሟ ስለወጣ ዋጋዋም አብሮ ወጥቷል፤ 99 ግን በዝምታ ያንኑ ስፌት ትሰፋላችኋለች።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሶኬት አትሰኩ። መጀመሪያ በስተቀኝ ያለውን መዘውር በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ አዙሩ። ሁልጊዜ ወደ ራስ ነው። ሳይንገጫገጭ አንድ ሙሉ ዙር ከዞረ መልካም። ከበድ ካለ አትደንግጡ፤ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኖ ይሆናል፣ እሱ ይድናል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብረት ከብረት ጋር ተጋጭቶ ቀጥ ካለ ግን ለባለቤቱ መልሱለት።

ቀጥሎ ሽቦውን እዩ። በተለይ ከሞተሩና ከፔዳሉ ሥር በሚወጣበት ቦታ ላይ አጠፍ አድርጉት። ላስቲኩ ከተሰነጣጠቀ ወይም ከተፈረፈረ፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ሳይቀይረው እንዳትሰኩት። ሞተሩ ላይ ባለችው ትንሽ ሳህን የተጻፈውን ቮልትም አንብቡ። ለ110 የተሠራችውን 220 ላይ ብትሰኳት ወዲያው ታቃጥሏታላችሁ።

የቦቢን ቤቷ መኖሩን ክፈቱና በዓይናችሁ አረጋግጡ። ይቺ ጣት የምታክል ዕቃ ስትጠፋ መተኪያዋ ከምታስቡት በላይ ያስወጣል። የላዩ ቀለም መፋቅ፣ የወርቃማው ጽሑፍ መደብዘዝ ለስፌቱ ምኑም አይደለም። እንዲያውም ጠረጴዛዋ ላይ ወርቁ የተላጠ መኪና ብዙ የሰፋች ናት፤ ብዙ የሰፋች ደግሞ ብዙ ጊዜ ደህና ናት።

ሳጥኑ ይሸታል። የ221 ሳጥን ሽታ የታወቀ ነው፤ አሮጌ ሙጫና እርጥበት አንድ ላይ። የእኔዋን መጀመሪያ የከፈትኩ ዕለት ቤቱ ሁሉ ምድር ቤት ምድር ቤት ሸተተ። ለቀናት ክፍት አድርጋችሁ አየርና ፀሐይ አስመቱት፤ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብዬ አልዋሻችሁም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ አለመስፋት

መኪናዋ ቤት እንደገባች ጨርቅ አንስቶ መስፋት ያምራል። ተዉት። የመጀመሪያውን ቀን ለጽዳትና ለዘይት ስጡት።

እዚህ ላይ የእኔን ጥፋት ልናገር። ገላዋን ላጸዳ ብዬ ጥጥ በአልኮል ነከርኩ። ቀኝ ትከሻዋ ላይ ሁለቴ ሳብ ሳደርግ ጥጡ ቡናማ ሆነ። «አቤት ቆሻሻዋ!» አልኩ ደስ ብሎኝ። ሦስተኛ ስስብ ያ መስታወት የመሰለ ጥቁር ቦታ ደፈረሰ። ለካ ቡናማው ቆሻሻ አልነበረም። በጥቁሩ ቀለም ላይ የተቀባው ሼላክ የሚባል ቫርኒሽ ነው፤ አልኮል ደግሞ ሼላክን ያሟሟል። ያቺ ደብዛዛ ቦታ ዛሬም አለች። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ከዚያ ብናኙን። የመርፌ ሳህኑን ሁለት ብሎኖች ፍቱና ሥሩን እዩ። ከእኔዋ ጥርሶች መሃል የወጣው ብናኝ ተጠቅጥቆ ተጠቅጥቆ ወፍራም ጨርቅ መስሎ ነበር። በወረንጦ ሳወጣው እንደ ንጣፍ አንድ ላይ ተነሣ። እሱ ባለበት ጥርሶቹ ጨርቁን በደንብ አይዙትም፤ እናንተ ግን «መኪናዋ አልገፋ አለች» ትላላችሁ።

ዘይት የሚንቀሳቀስ ብረት ከብረት ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ይገባል። ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች ውስጥ፣ በግራ በኩል ያለው ክዳን ሲከፈት በሚታዩት መገጣጠሚያዎች ላይ፣ ከሥር ደግሞ የሆዷ ክዳን ሲፈታ። አንድ አንድ ጠብታ ይበቃል። የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ተጠቀሙ። የምግብ ዘይት ሲደርቅ ያጣብቃል፣ የበር ማጠፊያ የሚነፋበት ፈሳሽም ዘይትን አይተካም። ዘይት ካጠጣችሁ በኋላ በእጅ ጥቂት አዙሩ፣ አሳድሯት፣ ነገ ድገሙ። የእኔዋ ሁለት ሌሊት ፈልጋለች። በሦስተኛው ቀን መዘውሩ በአንድ ጣት ዞረ።

የ221 ሞተር ላይ ግን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱ የግሪስ ናቸው። ዘይት እዚያ ውስጥ አይገባም። ዘይት ሞተሩ ውስጥ ሰርጎ ነገር ያበላሻል። ከሥር ያሉት ማርሾችም የሚፈልጉት ለስፌት መኪና የተሠራ ለስላሳ ግሪስ ነው፣ የመኪና ጎማ ቤት ግሪስ አይደለም። ቺንጋውን ደግሞ ከልክ በላይ አታጥብቁት፤ በጣት ስትጫኑት ትንሽ ይርገብ። ሲጠብቅ ሞተሩ ይሞቃል።

መርፌ፣ ክር፣ ቦቢን

መርፌው ዛሬም በየቦታው የሚሸጠው ጠፍጣፋ ጎን ያለው ነው፤ ማሸጊያው ላይ 130/705 ኤች ወይም 15×1 ይላል። ለጥጥ ጨርቅ ቁጥር 80/12፣ ሦስቱን ንጣፍ አንድ ላይ ለመስፋት 90/14። በ221 ላይ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ግራ ይዞራል፤ ክሩም ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል። ዘመናዊ መኪና ለለመደ ሰው ይኼ እንግዳ ነው። እኔ አንድ ሙሉ ምሽት መርፌውን ገልብጬ አስገብቼ፣ ስፌቱ እየዘለለ፣ መኪናዋን በሆዴ ስረግም አምሽቻለሁ።

ክር ስታስገቡ የጨርቅ መጫኛው እግር ከፍ ብሎ ይሁን። እግሩ ሲነሣ የክር ማጥበቂያው ሳህኖች ይከፈታሉ፣ ክሩ መሃላቸው ይገባል። እግሩ ወርዶ ከሆነ ክሩ ላያቸው ላይ ይንሳፈፍና ምንም አይይዘውም።

በዚህ ጊዜ ምን ይሆናል? ከጨርቁ ሥር የክር ጎጆ ይሠራል። ሰው ሁሉ ሥሩን አይቶ ቦቢኑን ይወቅሳል። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል እንደሚባለው ነው፤ ከሥር የሚታየው ችግር የላዩ ክር ነው። እግሩን አንሡ፣ የላዩን ክር አውጡና እንደገና አስገቡ። ካልተስተካከለ ብቻ ማጥበቂያውን በግማሽ ቁጥር ነካ አድርጉ። የቦቢን ቤቱን ትንሽ ብሎን በጭራሽ የመጀመሪያ መላ አታድርጓት።

የ221 የቦቢን ቤት መቀመጫ ላይ ጣት የመሰለች ብረት አለች። ይህች ጣት በመርፌ ሳህኑ ሥር ባለው ክፍተት ውስጥ መቀመጥ አለባት። ሳህኑን ፈትታችሁ ስትመልሱ ይህን ካላያችሁ መርፌው ይሰበራል። ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት አንዴ በእጅ አዙሩ።

ክር ሲቀረቀር

ይህ በሁላችሁም ላይ ይደርሳል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። መስፋት ትጀምራላችሁ፣ «ጥርርር» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ መኪናዋ ቀጥ ትላለች። መዘውሩ አልዞርም ይላል። ያን ጊዜ እጃችሁ ኃይል መጠቀም ይፈልጋል። አትስሙት።

ሶኬቱን ንቀሉ። ክሮቹን ከላይም ከሥርም ቁረጡ፣ ጨርቁን ቀስ ብላችሁ አላቁ። ቦቢኑን ከነቤቱ አውጡ። የሆነው ነገር ብዙውን ጊዜ ይኼ ነው፦ አጭር የክር ጫፍ የላዩን ክር የሚይዘው መንጠቆ በሚሽከረከርበት ቀለበት ውስጥ ገብቶ ተጠምጥሟል። እዚያ ቀለበት ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣሉ። አሁን መዘውሩን ወዲህና ወዲያ፣ በትንሹ፣ እንደ ሕፃን እያባበላችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ግማሽ ሴንቲ ወዲህ፣ ግማሽ ሴንቲ ወዲያ። የክሩ ጫፍ ብቅ ሲል በወረንጦ ያዙት። የእኔዋ አንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ፈጅታብኛለች። የወጣው ክር የቅንድብ ፀጉር አያክልም ነበር።

መከላከያው ቀላል ነው። ስትጀምሩ ሁለቱንም ክሮች ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ስፌቶች ያዟቸው። የክር ማንሻው ክንድ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሆኖ ጀምሩ፣ እዚያው ላይ ሆኖ ጨርሱ። የተሻለው ደግሞ በማይፈለግ ቁራጭ መጀመር ነው። ቁራጩ ላይ ሰፍታችሁ፣ ሳትቆርጡ እውነተኛውን ጨርቅ ታስከትላላችሁ። እኔ አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ አለችኝ፤ ከመሰፋቷ ብዛት ካርቶን ሆናለች።

ሩብ ኢንች

ወደ ሒሳቡ መጣን፤ የኔ ቤት። በኩዊልት ዓለም ከጨርቁ ጠርዝ እስከ ስፌቱ ያለው ርቀት ሩብ ኢንች ነው፣ 6 ሚሊ ሜትር ከምናምን። ሁሉም ልክ በዚህ ላይ ተመሥርቷል። ትንሽ ብትስቱ ምን ይሆናል? ስፌታችሁ የኢንች 1/16 ያህል ሰፋ ብሎ ገባ እንበል። በዓይን አይታይም። ግን ስፌቱ ሁለቱንም ጨርቅ ስለሚበላ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ 1/8 ያጎድላል። 9 ቁራጭ በአንድ መስመር ስትገጥሙ 8 መገጣጠሚያ አለ። 8 ጊዜ 1/8፣ ድፍን 1 ኢንች ጎደለ። ጎን ለጎን ያለው መስመር በትክክል ከተሰፋ ሁለቱ አይገጥሙም፤ እናንተም ጨርቅ እየጎተታችሁ ስታስታርቁ ታመሻላችሁ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሩ። ወርዳቸው አንድ ኢንች ተኩል የሆነ ሦስት ቁራጮች ቁረጡ። ጎን ለጎን ሰፍታችሁ ተኩሱ። የመሃለኛው ወርድ ልክ 1 ኢንች መሆን አለበት፤ ጠቅላላው 3 ተኩል። መሃሉ ጠበብ ካለ ስፌታችሁ ሰፍቷል፤ ወደ ጠርዝ ቅረቡ። ጨርቁ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ትንሽ ስለሚበላ፣ ትክክለኛው ስፌት ከሩብ ኢንች በአንድ ክር ውፍረት ያነሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ አራት ጊዜ ደጋግሜ ነው የገጠመልኝ። ቁጥር ካልገጠመ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ የሙያ በሽታ ነው።

ቦታው ሲገኝ ምልክት አድርጉበት። የሚጣበቅ ፕላስተር ወርቃማውን ጽሑፍ ይዞ ሊነሣ ስለሚችል ጠንካራውን አታድርጉ። በቀላሉ የሚነሡት የማስታወሻ ወረቀቶች፣ አሥር ያህሉ እንደተደራረቡ፣ ጨርቁ የሚደገፍበት ግድግዳ ይሆናሉ።

የስፌት ርዝመቱ ማንሻ ላይ ያሉት ቁጥሮችም ያደናግራሉ። ከ6 እስከ 30 ተጽፏል፤ በ1 ኢንች ውስጥ ስንት ስፌት እንደሚገባ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲበዛ ስፌቱ ያጥራል። ለመገጣጠም 12፣ ሦስቱን ንጣፍ ለመስፋት 8 ወይም 10። 30 ላይ ከሰፋችሁ መፍታት ሲመጣ ታለቅሳላችሁ።

የመጀመሪያው ሥራ

ባለ ዘጠኝ። በየጎኑ 3 ተኩል ኢንች የሆኑ 9 ካሬዎች፣ 5 ጥቁር፣ 4 ነጭ፣ ወይም የወደዳችሁት። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ መስመር ስፉ፣ ከዚያ መስመሮቹን ግጠሙ። ሲያልቅ ጎኑ 9 ተኩል ኢንች ይወጣል። አራት እንደዚህ ሠርታችሁ ሁለት በሁለት ብትገጥሙ 18 ተኩል ኢንች ሆነ፤ የትራስ ልብስ አገኛችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የአልጋ ልብስ አትሞክሩ። እኔ ሞክሬ ግማሹ ቁምሳጥን ውስጥ ነው።

ካውያውን ከላይ ጫን አድርጋችሁ አንሡ እንጂ ወዲያ ወዲህ አትጎትቱ፣ ጨርቁ ይለጠጣል። የአንዱን መስመር ስፌት ወደ ቀኝ ካስተኛችሁ የቀጣዩን ወደ ግራ አስተኙ። ሁለቱ ሲገናኙ እጥፋቶቹ እንደ ቁልፍ ይቆላለፋሉ፣ ማዕዘኑም ይገጥማል። በጣታችሁ ስትነኩት ይታወቃችኋል። ስፒል መርፌው ጋ ሲደርስ ንቀሉት፤ በላዩ ላይ አትስፉ።

ንጣፉን ጨምሮ ሲሰፋ ጉዳዩ ይከብዳል። በ221 ከመርፌው እስከ ምሰሶዋ ያለው ቦታ 14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ትራስ ይገባል፣ ከትራስ ተለቅ ያለው ተጠቅልሎ ይገባል፣ የአልጋው ግን ትግል ነው። ጨርቁን ከላይም ከታችም እኩል የሚያራምድ ልዩ እግር ይሸጣል፤ እሱን ግዙና ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ስፉ። እንደ አበባ እየጠማዘዙ መስፋትን ለሌላ ጊዜ ተዉት። የ221 ጥርሶች ዝቅ ስለማይሉ መሸፈኛ ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ ለጀማሪ ነርቭ አይሆንም።

ግንባራችሁንና እጃችሁን ከአምፖሉ ጠብቁ። ከመርፌው በላይ ያለው የብረት ክዳን ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደ ካውያ ይግላል። የእጄ ጀርባ ላይ የግማሽ ጨረቃ ምልክት አለኝ።

ስትጨርሱ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አሮጌ ፔዳል ማንም ሳይረግጠው ሊሞቅ ይችላል፤ አንዳንዱም መኪናዋን ብቻዋን ያስነሣታል። ብናኙን ጥረጉ፣ ከእግሩ ሥር ቁራጭ ጨርቅ አድርጋችሁ እግሩን አውርዱ። ያቺ ሰማያዊ ቁራጬ የምታድረው እዚያ ነው።